የክሊራንስ ቀን

መጽሐፍ ጠፍቶ፣ ለአራት መቶ ተማሪ አንድ መምህር ሲቀር፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ትዝታቸውን ማዋስ ጀመሩ። ዶክተር ምንትዋብም ስለ አፈር የምታውቀውን ሁሉ መስከረም ላይ ታውስና ሰኔ ላይ ትረከባለች። እስከዚያው ውስጧ ጉም እንደለበሰ መስክ ጭር ይላል።

ዛሬ ክሊራንስ ነው። ተማሪዎቹ ፍራሽና የዶርም ቁልፍ እንደሚመልሱ ሁሉ፣ ተራ በተራ እጇን እየጨበጡ ትዝታዋን መለሱላት። የዝናብ ሽታ መጣ፤ ቀዩ አፈር መጣ፤ ጥቁሩም ተከተለ። በመጨረሻ ዲንቂቱ የምትባል ተማሪ ቀረበችና እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ዶክተር፣ አንዷን ብቻ ይተዉልኝ። አንድ ሽማግሌ አፈር ቀመስ ያደርጉና ‹ልጄ፣ ይቺ መሬት ጤፍ አምሯታል› ይሉኛል። እኔ አባት አላውቅም። ሲከፋኝ እሳቸው ጋ ነው የምሄደው።»

ምንትዋብ ሽማግሌውን ልታስታውስ ሞከረች። ጉም ብቻ ነው።

«ከዚህ ሁሉ አንዷ ብትቀር ምን እሆናለሁ? ያዣት» አለችና ክሊራንሷን ፈረመችላት።

ቤት ስትደርስ ባሏ ጌታሁን በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ አይታው ግራ እንዳይገባት ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጠውን ፎቶ፣ እንደ ልማዱ ዛሬ አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ ሳሎን ሰቅሎታል። ፎቶው ላይ ያሉት ጭቃ የነካ እጃቸውን አጣምረው የሚስቁ ሽማግሌ ናቸው።

ምንትዋብ ፎቶው ፊት ብዙ ቆመች። ደስ አሏት።

«ጌቱ፣» አለች ፈገግ ብላ፣ «እኚህ አባትህ ናቸው?»