የሰባተኛው ቀን እንግዳ

"ማንም እንዳይነቃነቅ! አባታችሁ መጣ!" አሉ አክስት ሜይ-ዩ፣ የሟች ነፍስ በእሳት እራት ተመስላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች በሚባልበት በሰባተኛው ቀን ለቅሶ ላይ አንድ ትልቅ የእሳት እራት በመስኮት ሲገባ። እራቱ በቀጥታ ሄዶ የሟቹ የበኩር ልጅ አናት ላይ አረፈ። "ኧረ አባባ፣ ይኮረኩረኛል!" ቢል ለቀስተኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። "ሞቶም ያው የሚያደላው ለሱ ነው" አለ ታናሹ ጂን-ሹይ በሆዱ።

ከዚያ እራቱ ተነሥቶ ወደ ጂን-ሹይ በረረ። "አየህ፣ አንተንም አልረሳህም!" አሉ አክስቱ። ዕድሜ ልኩን የተመኘው ይኸው ደረሰለት፤ እንባው መጣ። ክንፉ ፊቱ ላይ ሲርገበገብ ግን ክንዱ፣ አባቱ እጁን ባነሣ ቁጥር እንደለመደው፣ ሳያዘው ብድግ ብሎ ፊቱን ሲከልል እራቱን አጠገቡ የበራው ሻማ ላይ ጣለው። ቸስ አለ።

"አንተ ርጉም፣ አባትህን አቃጠልከው!" ብለው ጮኹ አክስቱ።

ጂን-ሹይ ክንዱን አላወረደም። ጥፊውን ይጠብቅ ነበር።