ወይን ጠማቂዋና ሃምሳ አለቃው

ሃምሳ አለቃው በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ፣ ጠማቂዋ ሳታስበው በርሜሉን በቀሚሷ ጋረደችው። የማምረቻ ፈቃዷ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ሱቋንም በይፋ የከፈተችው በዚያው ጠዋት ነው። የቆየ ልማዷ ግን መደበቅ ነበር። እኚህ ሰው ተደብቃ በምትጠምቅበት ዘመን እየመጡ፣ የደከመችበትን ወይን ጠጅ ደጇ ላይ ሲደፉባት የኖሩ ፖሊስ ነበሩ።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። የደንብ ልብሱ ቀርቶ ሹራብ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ደህና ዋልሽ፣ እህቴ» አሉ። «ልቀምስ ነው የመጣሁት።»

«እርስዎ?»

«ያኔ ሽታው ቤቴ ድረስ ይከተለኝ ነበር። ሕግ አክባሪ ነኝና፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ምላሴ ላይ አላረፈችም።»

ከበርሜሉ ፈቀቅ ብላ በብርጭቆ ቀዳችላቸው። ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ፉት አሉ። በመጨረሻ ብርጭቆውን አስቀምጠው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ወይ ጉዴ! ይሄንን ነው እንዴ መሬት ሳጠጣ የኖርኩት?»

ለእኚህ ሰው ብላ ያስቀመጠችው እርግማን ብዙ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሳቅ ሆነ፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ልጇ ከጓዳ ደንግጣ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» እያለች ስትወጣ፣ ዓይኗን በመዳፏ እየጠረገች፣

«ወንበር አምጪ እንጂ!» አለቻት። «የመጀመሪያው ደንበኛችን እኮ ቆመው ነው።»