ጺም

እናትየዋ ከጸበል ስትመለስ ንዴቷ አላስቀምጥ አላት። ልጇ ዛሬም እንደ ሴት ነጠላ ተከናንቦ ወጥቶ፣ ጺሙ ከስር ብቅ እያለ የሰው መሳቂያ ሆኖባት ዋለ። አምና ወደ ሰፈሩ ከገቡት ከእትዬ ዘነቡ ደጃፍ ቁጭ ብላ ምሬቷን ዘረገፈችው።

«ውጭ አገር ሄጄ በኦፕራሲዮን ሴት ካልሆንኩ ይለኛል! በአርባ ቀኑ ክርስትና ያስነሳሁት ወንድ እኮ ነው! ሴት ቢሆን በሰማንያው አልነበር የማስጠምቀው? ስንት ስእለት ተሳልኩ፤ እመቤቴም ዝም አለችኝ።»

እትዬ ዘነቡ ምስራቸውን መልቀም አላቋረጡም። ልጃቸው ካሌብ የጸበል ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። «እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?» አለ በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ ለእንግዳዋ ጎንበስ ብሎ። ከዚያ ወደ ጓዳ አለፈ።

«እርስዎማ ታድለዋል!» አለች በዓይኗ እየሸኘችው። «ጺሙ ሙሉ፣ ሰው የሚያከብረው ወንድ ሰጠዎት። የኔን ግን ሰፈሩ በድንጋይ ሊለው ነው።»

እትዬ ዘነቡ ሰፌዱን አስቀምጠው ጠጋ አሏት።

«ያንቺን ጺሙ አጋለጠው፤ የኔን ጺሙ ሸፈነው» አሉ በሹክሹክታ። «ካሌብን ክርስትና ያስነሳሁት በሰማንያ ቀኑ ነው።»