የዋሻ ሰዎች

ደራሲው ለኮምፒዩተር ጨዋታ ከራሱ ፈጥሮ የጻፋቸው የዋሻ ሰዎች ስግብግብና ከሃዲ ናቸው። «እኛን ሰደብክ» የሚል ቢነሳ የሁለት ዓመት ልፋቱ መና እንደሚቀር ስለፈራ፣ ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት ከተለያየ አካባቢ የመጡ ሦስት ወጣቶችን ጠርቶ አስሞከራቸው።

«ተው እንጂ፣ የዋሻ ሰው ታምናለህ?» እየተባባሉ ሲስቁ ዋሉ። ማንም አልተቆጣም።

ሲሰናበቱ አንደኛው ወደ ጥግ ሳብ አደረገው። «ጋሼ፣ ደፋር ነህ! ልክ ልካቸውን ነገርካቸው» አለና የአንድ ብሔረሰብ ስም በጆሮው ሹክ አለው። ሁለተኛውም ለብቻው መጥቶ አመሰገነው፤ የጠራው ስም ግን ሌላ ነበር።

ሦስተኛዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። «አኳኋናቸውን ሁሉ አልሳትክም! አብረሃቸው ኖረህ ነው?» ብላ በሹክሹክታ የጠራችው የራሱን የደራሲውን ወገኖች ነበር።