ዛሬ የሚወጣ ስም

በአዲሱ ሕግ ከአንድ የዓይን ቅጽበት በላይ የሚያስጠብቅ ድረ ገጽ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል። ማስተዋል የሰፈሩን እድር ገጽ ስትሠራ ስክሪፕቶቹ፣ ማለትም የገጹ ትእዛዞች፣ ተራ በተራ እንዲጫኑ አድርጋ ነበር፤ ሰላምታው ይቀድማል፣ የሟቹ ስም የሚወጣው ግን ጎረቤት ለቅሶ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። መርዶ በድንገት አይነገርማ።

ማለዳ የእድሩ ዳኛ አቶ ድንበሩ ደወሉ። «ዛሬ የሚወጣ ስም አለ። ገጹ ካልፈጠነ ይዘጉብናል።»

«የማን ስም?»

«በስልክ አይሆንም፤ ስሙን እኔው ገጹ ላይ አስገባዋለሁ» ብለው ዘጉት።

ተቁነጠነጠች። ስክሪፕቱን ብታዘገየው ሕጉ ጊዜውን የሚቆጥረው የገጹ የመጨረሻ ፊደል እስክትወጣ ነው። ኮዱን ኮምፓይል አድርጋ ወደ አንድ ብታጠቃልለው ሰላምታውም ስሙም ባንዴ ይወጣል። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ መልሳ ተነሳች። በመጨረሻ ኮምፓይል አድርጋ ለቀቀችው።

ሻይዋን ሳትጨርስ ጓዳ ውስጥ ሰፌድ ሲወድቅ ሰማች። እናቷ ስልካቸውን እንደያዙ ቆመዋል፤ ሲለቅሙት የነበረው ምስር ወለሉ ላይ ተበትኗል። ስክሪኑ ላይ፣ በእድሩ ገጽ፣ የታላቅ ወንድማቸው ስም ወጥቷል።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። አቶ ድንበሩና አምስት ጎረቤቶች ነጠላቸውን ገና ሳያዘቀዝቁ ገቡና እንደ ወጉ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

«ዘገያችሁ» አሉ እናቷ።