የዋንዛው ወንበር

ሰናይት የባሏን የመክብብን ወንበር ገና ከዐውደ ርእዩ አዳራሽ በር ላይ ስታየው ባለችበት ቆመች። መክብብ ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ ጠርቦ ያወጣው ነው። መደገፊያው ላይ የሴት ጀርባ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ግን ወደ ግራ ያዘነበለ፣ አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ጀርባ ነው። የእሷ አይደለም። መክብብ ደግሞ ሰው ሳያይ ቀርጾ አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ የሥራ ክፍሉን ሲቆልፍባት የከረመው ለካ ለዚህ ኖሯል!

ተመልካቹ "ይሄ ወንበር ነው ወይስ ሐውልት?" እያለ ሲያደንቅ፣ እሷ የሴቶቹን ትከሻ አንድ በአንድ ትመረምር ጀመር። ቀይ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ወጣት አስፈቅዳ ተቀመጠችና "ኧረ ይቆረቁራል!" ብላ ወዲያው ተነሣች።

ሰናይት ባሏን ወደ ጥግ ሳበችው።

"የማን ጀርባ ነው? እውነቱን ንገረኝ።"

የመክብብ ፊት ዐመድ መሰለ። እጇን ይዞ ወደ ወንበሩ ወሰዳት።

"እስቲ ቁጭ በይበት።"

ተቀመጠች። ትከሻዋ ሰተት ብሎ ገባ፤ ጎኗም ጎድጓዳው ውስጥ ልክክ አለ። ከወራት ወዲህ አልለቅ ያላት የወገብ ሕመም ድንገት ጸጥ ሲልላት፣ ቀና ብላ አየችው።

መክብብ አጠገቧ ተንበረከከ።

"ልነግርሽ ስል አፌ እምቢ አለኝ" አላት ድምፁ እየተቆራረጠ። "ጀርባሽ ወደ ግራ እየዘመመ ባለበት አልቆም እያለ፣ በየወሩ እንደ አዲስ ነው የጠረብኩት።"