ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ድንኳን

ፀጋው ፊልሙን እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ካላስረከበ፣ በጥር የፈረስ በዓል ሰሞን በእንጅባራ አዳራሽ የሚታየው የዳንግላዎቹ ፊልም ነው። ቦታው ለአንድ ፊልም ብቻ ነው። የእንጅባራ፣ የቆሰበር ልጅ ሆኖ፣ በገዛ ከተማው አዳራሽ የዳንግላዋን የደጊቱን ፊልም ቁጭ ብሎ ከሚያይ ዘንገና ሐይቅ ቢገባ ይሻለዋል። ደጊቱን ካሜራ አያያዝ ያስተማራት እኮ እሱ ነው። እሷም አንድ ትዕይንት ይቀራታል ይባላል።

የእሱ ቀሪ ትዕይንት ለቅሶ ነው። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ አባቱ ለቅሶ ላይ ድንገት ይደርሳል።

ሰው የሚያሰባስብለት ምህረቴ ጠዋት ደወለ።

«ጋሼ፣ ሠላሳ ሰው አዘጋጅቻለሁ። ድንኳኑም ተተክሏል። ከመናኸሪያው ጀርባ ስትመጡ...»

ኔትወርኩ ጠፋ። ፀጋው የሰማው በቃው። ካሜራ የምትይዘው ናርዶስ፣ ተዋናዩ ውብአየሁና እሱ ባጃጅ ውስጥ ታጭቀው ከመናኸሪያው ጀርባ ወረዱ። ነጭ ድንኳን ቆሟል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የደረቡ ወንዶች ሞልተውታል።

«ምህረቴ አንደኛ!» አለ ፀጋው።

ራሱ ምህረቴ ግን አይታይም። ምሳ ሊያመጣ ሄዶ ይሆናል።

ድንኳኑ ጥግ ከመጋረጃ ፊት ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ የሟች ፎቶ ቆሟል። ፎቶው ላይ ያለው ሰውዬ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። በር ላይ ደግሞ እሱን ቁርጥ የሆነ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ወንበር ላይ አንቀላፍቷል።

ደብተር የያዘ ቀጭን ሰውዬ ቀረበ።

«ከየት ናችሁ?»

«ከምህረቴ ጋር ነን።»

«ከምህረቴ?» ሰውየው ወደ መጋረጃው ዞር አለ። ራሱን ነቀነቀና «እሺ፣ ግቡ» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ናርዶስ ካሜራዋን ደገነች። ውብአየሁ በሩጫ ገባ።

«አባቴ! ልጅህ መጣሁልህ!» ብሎ ፎቶው ሥር ተደፋ።

ከፎቶው አጠገብ የተቀመጠችው የሟች ሚስት ብድግ አለች።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የአባቴ!»

«የቱ አባትህ?»

«ይኼው፣ የሚስቀው!»

ሚስትየዋ መጀመሪያ መጋረጃውን፣ ቀጥላ የናርዶስን ካሜራ አየች። ከዚያ በጥፊ አጮለችው።

«ካት!» ፀጋው ፈነጠዘ። «ግሩም ነው እትዬ! ግን ካሜራውን አይተውታል፤ አንዴ ይድገሙልን።»

«ልድገም? ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ ዲቃላ ይዘህብኝ መጥተህ፣ ድገሚ ትለኛለህ?»

ፀጋው ናርዶስን በክርኑ ጎሰማት። «ሰማሽ? ይኼ እኮ ጽሑፉ ላይ የለም! ከራሷ ነው!»

ያኔ ስልኩ ጮኸ። ምህረቴ ነው።

«ጋሼ፣ የት ጠፋችሁ? ሠላሳው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ እንደ ብቅል ተሰጥቷል!»

«እኛ እኮ ድንኳኑ ውስጥ ነን።»

«የቱ ድንኳን? እኔም ድንኳኑ ደጅ ነኝ። ሰማያዊው፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ!»

ፀጋው ቀና ብሎ ነጩን ጣሪያ አየ። ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ሁሉም ነገር ሌላ መልክ ያዘ። ደብተር የያዘው የእድር ጸሐፊ ነው፤ የቀረውንና የመጣውን እየመዘገበ ነው። በር ላይ የተኛው የሟች ወንድም መሆን አለበት፤ ሲያለቅስ አድሮ ደክሞት ነው። አንዲት አሮጊት እያለቀሱ ገቡ፣ በጓሮ ወጡ፣ እንደገና በበር እያለቀሱ ገቡ። ይኼ ሦስተኛቸው ነው። ምስኪን፣ ኀዘኑ አልወጣላቸውም። አንዱ ለቀስተኛ ወደ ንፍሮው እጁን ሲሰድ ጸሐፊው «አይነካም አልኩ!» ብሎ በደብተሩ መታው። እንዲህ ያለ ጥብቅ እድር አይቶ አያውቅም።

ውብአየሁን ደግሞ ሦስት ሽማግሌዎች መሀል አስቀምጠው ይጠይቁታል።

«ከመሬቱስ ምን ያህል ትላለህ?»

«ግማሹን!»

«ከከብቱስ?»

«እሱንም ግማሹን!» ውብአየሁ አንዴ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም።

«እንሩጥ» አለች ናርዶስ በሹክሹክታ።

«ውብአየሁን ጥለን?»

«እሱ ምን ይሆናል፣ ርስት አግኝቷል።»

ፀጋው ካሜራውን አየ። ያቺ ጥፊ ብቻ አዳራሹን ታሸንፋለች። በሩ አምስት እርምጃ ነው። ባጃጁም ሞተሩን አላጠፋም።

ሚስትየዋ ተንሰቀሰቀች።

«ኧረ አምጪው!» አለ ፀጋው ናርዶስን፤ ሜሞሪ ካርዱንም ከካሜራው ነቅሎ ሚስትየዋ እግር ሥር ተንበረከከ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ! ፊልም ሠሪ ነኝ። ልጁም ተዋናይ ነው፤ ባለቤትዎን በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም! ይኼው፣ የቀረጽነው ይቃጠል!»

የፀጋው እንባ መጣ፤ የእውነት እንባ። ሳያስበው ቀና ብሎ ወደ መጋረጃው አፈጠጠ።

«አዳራሹም ይቅርብኝ! ዳንግላዎቹ ይውሰዱት! ደጊቱ ከእኔ ትሻላለች፤ እሷ በሰው ለቅሶ አትቀልድም!»

በር ላይ የተኛው ሰውዬ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አሮጊቷ አፋቸውን በነጠላቸው አፈኑ።

መጋረጃው ተገለጠና ደጊቱ ከነካሜራዋ ብቅ አለች። «ካት! ግሩም ነው ጋሼ ፀጋው! ግን ካሜራውን አይተውታል፤ አንዴ ይድገሙልን።»